«ሞተ» የተባለው ሰርቨር ከመቀበሩ በፊት

በአስመጪው ወይም በአከፋፋዩ ቢሮ ጥግ አቧራ ለብሶ የሚያጉረመርም አሮጌ ሰርቨር ባለቤቱ ትዝ የሚለው አልነሳም ያለ ዕለት ነው። ያን ዕለት የመጋዘኑ ሚዛን፣ የዱቤ ደንበኞች ዝርዝርና የተጨማሪ እሴት ታክስ ሒሳብ በአንድ የብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው ይቀራሉ። ደንበኛው ይመለስ ይሆናል፤ ወርሃዊው የታክስ ማሳወቂያ ግን አይጠብቅም።

በዚህ ጊዜ «ዕድሜው አልቋል፣ አዲስ ይገዛ» የሚል መካሪ አይጠፋም። ምክሩ ግን ውድ ነው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲተመን ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። በውጭ ምንዛሪ የሚመጣን ዕቃ ሳይመረምሩ መጣል ደህና ገንዘብ መጣል ነው።

ጨርሶ የማይነሳ ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከኃይል መስመሩ ነው። የመብራቱን ከፍና ዝቅ በግንባር የሚቀበለው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ 220 ቮልቱን ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት የሚቀይረውም እሱ ነው። ሙቀትና ዕድሜ ቀድመው የሚያደክሙትም እሱን ነው። ዋጋው ደግሞ ከሰርቨሩ ዋጋ ጥቂቱ ነው።

ስለዚህ ፍተሻው ከርካሹ ይጀምር። ሶኬቱ፣ ዲቫይደሩና ዩፒኤሱ በሌላ ዕቃ ይሞከሩ፤ ገመዱም ይቀየር። ቀጥሎ ሰርቨሩ ከሶኬት ተነቅሎ የማስነሻ ቁልፉ ለ20 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ይያዝና እንደገና ይሰካ። አንዳንዱ ሰርቨር ከተሰካ በኋላ ቁልፉ እስኪታዘዝ አንድ ሁለት ደቂቃ ስለሚፈልግ ትዕግሥት ያሻል። ፓወር ሰፕላዩ ሁለት ከሆነ በየተራ በአንዱ ብቻ ይሞከር። ከኋላ ያለችው ትንሿ መብራት ጨርሶ ካልበራች ጥርጣሬው በፓወር ሰፕላዩ ላይ ይጠነክራል። መብራቷ በርታ ማራገቢያው ዞር ብሎ ከቆመ ግን ነገሩ ወደ ውስጥ ነው፤ ተጨማሪ ካርዶች ወጥተው፣ በአንድ ሜሞሪ ተሞክሮ፣ ቀሪው አንድ በአንድ ይመለሳል። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን መክፈት ግን ክልክል ነው፤ ከተነቀለም በኋላ የሚገድል ኃይል ሊይዝ ይችላል።

ከአሜሪካ ያገለገለ ዕቃ የሚያመጡ ነጋዴዎች ደግሞ አንድ ነገር ያስተውሉ። አንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ከጀርባው 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ አለው። በ115 ላይ እንዳለ እዚህ አገር ሶኬት ላይ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ሣጥኑ ሳይሆን ውስጡ ያለው ሒሳብ ነው። ፓወር ሰፕላይ ቢቃጠልም በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው መረጃ ብዙውን ጊዜ አይነካም። መረጃውን የሚያጠፋው የተቻኮለ እጅ ነው። ስለዚህ ዲስኮቹ ከመነቀላቸው በፊት የየትኛው ቀዳዳ እንደሆኑ ቁጥር ይጻፍባቸው፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ «ፎርማት» የሚባል ነገር እንዳይነካ ለጠጋኙ በግልጽ ይነገረው።

ይህ ሲባል አሮጌው ሰርቨር ለዘላለም ይኑር ማለት አይደለም። ተጠግኖ የተነሳ ሰርቨር ያገኘው ዕድሜ ሳይሆን ቀጠሮ ነው። በተነሳበት ዕለት ሒሳቡ በሌላ ዲስክ ተገልብጦ ከቢሮው ውጪ ይቀመጥ፤ አንድ ተለዋጭ ፓወር ሰፕላይም ይገዛ። ተለዋጩ ከገበያ ሲጠፋ ያን ጊዜ አዲስ መግዛት ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ዋጋ አወዳድሮና ተደራድሮ ይገዛል። ሥራው ቆሞ፣ ደንበኛ በር ላይ ተሰልፎ የሚገዛ ሰው ግን የተጠየቀውን ይከፍላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።