ሎኬሽን ብታጠፉም ታወሩ ያውቃል፦ ያለ ዳኛ ትእዛዝ ያለንበትን ቦታ ማየት የሚቻለው መቼ ነው?

ከአዘዞ ወደ ማክሰኚት በሚሄድ ታክሲ ተሳፍራችኋል እንበል። ፀዳ ላይ ወረዳችሁ፣ ቡና ጠጣችሁ፣ ለአንድ ሰው ደወላችሁ፣ ተመለሳችሁ። ዳታ አላበራችሁም፣ ሎኬሽንም ጠፍቷል። ያም ሆኖ በዚያ ሰዓት ፀዳ አካባቢ እንደነበራችሁ የተመዘገበበት ቦታ አለ፤ የሲም ካርዳችሁ ኩባንያ ጋ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሎኬሽን ስናጠፋ የምንዘጋው ጂፒኤሱን፣ ማለትም ጉግል ማፕና ሌሎች አፖች የሚያዩትን ነው። ስልክ ግን ጥሪ እንዲገባለት አቅራቢያው ካለ ታወር ጋር መገናኘት የግድ ነው። በየትኛው ታወር በኩል፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ እንዳወራችሁ ይመዘገባል። ታወር በሚበዛበት ፒያሳ ግምቱ ይጠብባል፣ ገጠር ላይ ደግሞ ኪሎሜትሮችን ሊያካልል ይችላል። ሲም መቀየርም ብዙ አያድንም፤ ቀፎው ራሱ አይኤምኢአይ የሚባል ቁጥር አለው።

በ2015 ክረምት አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ እኛ ዓለምን ማየት አቃተን እንጂ፣ ጥሪ እስከሠራ ድረስ ታወሩ መመዝገቡን አላቆመም።

እሺ፣ ይህን መዝገብ ፖሊስ ወይም ደህንነት ዳኛ ሳያስፈቅድ መውሰድ ይችላል?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወትን፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ የሚደረግን ግንኙነት ጭምር ይጠብቃል። መብቱ የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር፣ ለዚያውም በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው ይላል። ችግሩ ዝርዝሩ ላይ ነው። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጋችን የ1954 ነው፤ የብዙዎቻችን አባት ሳይወለድ የወጣ። ያለ ፈቃድ ስለሚደረግ ብርበራ ሲያወራ በዓይኑ ያለው ቤትና ዕቃ ነው። ታወር ላይ የቀረ ዱካ ያኔ አልነበረም።

ወደ ዘመናችን የቀረበው የ2008ቱ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ነው። አንቀጽ 24 አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን (ከየት፣ ወዴት፣ መቼ የሚለውን) ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያስቀምጡ ያዛል። አንቀጽ 25 ደግሞ ለክትትል የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል ካለ በኋላ አንድ በር ይከፍታል፦ ቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ ጉዳት የሚያደርስ የኮምፒዩተር ወንጀል ተፈጽሟል ወይም ሊፈጸም ነው ተብሎ ከታመነና ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ (ሥልጣኑ አሁን የፍትሕ ሚኒስትሩ ነው) ያለ ፍርድ ቤት ሊፈቅድ ይችላል። ግን ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ማቅረብ አለበት። ጠባብ በር ነው፤ ሰዓትም ተቆጥሮለታል።

ሰፊው በር ሌላ ቦታ ነው። የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 804/2005 ተቋሙ ክትትል የሚያደርገው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው ይላል። እዚያው አዋጅ ውስጥ ግን ማንኛውም ሰው ለሥራው አስፈላጊ መረጃ ሲጠየቅ የመተባበር ግዴታ አለበት ተብሏል። የቴሌ ኩባንያ በደብዳቤ ቢጠየቅ የትኛው አንቀጽ ይገዛዋል? ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ከ100 በላይ ሰዎችን አነጋግሮ፣ የያኔው የጸረ ሽብር ሕግ ትእዛዝ ቢጠይቅም በተግባር የደህንነት ሰዎች የጥሪ መዝገብ የሚያገኙት እምብዛም ሳይጠየቁ እንደነበር ጽፏል።

ከዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አለ። አንቀጽ 93 በምንም ሁኔታ አይነኩም ብሎ የዘረዘራቸው መብቶች ውስጥ አንቀጽ 26 የለበትም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀውና ተራዝሞ ወደ 10 ወር የቆየው አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝንና መበርበርን ፈቅዶ ነበር። ቤት ያለ ትእዛዝ በሚፈተሽበት ጊዜ ስለ ታወር መዝገብ ማን ይጠይቃል?

አሁን ወደ ከባዱ ጎን እንምጣ። እኛ ጋ እገታ አለ። በ2016 ማብቂያ ጎንደር ላይ አንዲት የታገተች ህፃን መገደሏን ተከትሎ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቷል። ሰው የታገተበት ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስልኩ የት ነው ያለው?» ብሎ ነው፤ ዳኛ እስኪገኝ ጠብቁ ቢሉት አይሰማም፣ ልክም ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. በካርፔንተር ጉዳይ 5 ለ4 ሲወስን ይህን አልዘነጋም። ፖሊስ የአንድ ተጠርጣሪን የ127 ቀን እንቅስቃሴ፣ 12,898 የቦታ ነጥብ፣ ያለ መደበኛ የብርበራ ትእዛዝ ወስዶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ አይሆንም አለ፤ ነገር ግን እንደ ህፃን እገታ ያለ አስቸኳይ ጉዳይ ሲሆን ትእዛዝ ሳይጠበቅ ሊሠራ እንደሚችል አስቀመጠ።

የእኛን አዋጅ ከዚህ ጋር ስናስተያየው የሚገርመን ይሄ ነው፦ የ48 ሰዓቱ መንገድ ለመሠረተ ልማት ተጽፏል፣ ለታገተ ሰው አልተጻፈም። ስለዚህ ህፃኗን ለማግኘት የሚሄደው ደብዳቤና አንድ ጋዜጠኛ ከማን ጋር ቡና እንደጠጣ ለማወቅ የሚሄደው ደብዳቤ አንድ ዓይነት መልክ ሊኖራቸው ይችላል፣ ኋላም ዳኛ አያያቸውም። እኛ የምንለው የእገታው መንገድ በግልጽ ይከፈት ነው፤ ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ወዲያው ይሰጥ፣ በ48 ሰዓት ዳኛ ይየው፣ የማይመለከተው መረጃ ይሰረዝ፣ ባለስልኩም ቆይቶ ይነገረው።

በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ተስፋ ይሰጣል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለብሔራዊ ደህንነት ግን ልዩ ሁኔታ ትቷል፤ ጭቅጭቁም ያለው እዚያው ላይ ነው።

እስከዚያው አንድ በእጃችሁ ያለ ነገር፦ ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የማየት መብት በአንቀጽ 20 ተሰጥቶታል። የጥሪና የታወር መዝገብ ፍርድ ቤት ከቀረበባችሁ ጠበቃችሁ የወጣበትን ትእዛዝ ይጠይቅ፤ ቁጥሩን፣ የፈረመውን ዳኛ፣ በተለይም ቀኑን። ትእዛዙ መዝገቡ ከወጣ በኋላ የተጻፈ ከሆነ ቀኑ ያሳብቃል።