«ልጅ ለመያዝ ደግሞ ዲግሪ?» ለምትሉ



የዩኒቨርሲቲ ምደባ በመጣ ቁጥር በየቤታችን አንድ ዓይነት ወሬ ይነሳል። ሕክምና የደረሰው ሰፈሩ ሁሉ ስሙን ይጠራዋል፤ ኢንጂነሪንግ የገባው ይመረቅለታል። አካውንቲንግ የደረሰውም «ደህና ነው፣ ባንክ ይገባል» ይባላል። አንዲት እህት ግን «እኔ የሕፃናት ትምህርት አጥንቼ የኬጂ አስተማሪ መሆን እፈልጋለሁ» ካለች ቤቱ ፀጥ ይላል። ቀጥሎ አንዱ ይስቃል። ሌላው «ልጅ ለመያዝ ደግሞ ዲግሪ ምን ያደርጋል?» ይላል። ይህን ያለው ወንድ ልጅ ከሆነማ ጭራሽ «ምን ነካው?» ተብሎ ይጠየቃል።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሳቅ የተሰጠ መልስ ነው። ሳቁ አንድ ትልቅ ነገር ስለሚያሳይ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ጥርስ የሚነቅልልንን ሰው ሰባት ጊዜ «የት ተማረ?» ብለን እንጠይቃለን። መኪናችንን የሚፈታውን መካኒክ አጣርተን ነው የምንሰጠው። የአራት ዓመት ልጃችንን ግን ከጠዋት እስከ ከሰዓት ለማን እንደሰጠነው ሳንጠይቅ በር ላይ ስመነው እንመለሳለን። ልጅ አማና ነው እያልን በየኹጥባው እንሰማለን። አማናውን የተረከበችን ግን ምን እንደምታውቅ ጠይቀን አናውቅም።

የሚቀርቡትን ክርክሮች አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፦ «እናቶቻችን ያለ ዲግሪ አሥር ልጅ አሳድገዋል» ይባላል።

አዎ፣ አሳድገዋል፤ አላህ ይዘንላቸው፣ ያሉትንም ዕድሜ ይስጥልን። ግን እናት አሥሩን ልጅ በአንድ ቀን አልወለደቻቸውም። ትልቁ ትንሹን ያዝላል፤ ጎረቤት ታግዛለች፤ ልጁ ሜዳ ወጥቶ ጭቃ ያቦካል፣ ጠጠር ይቆጥራል፣ በግ ያባርራል፣ ማታ ተረት ይሰማል። እሱም ራሱ ትምህርት ቤት ነበር። ዛሬ በከተማ ሜዳው ኮንዶሚኒየም ሆኗል፤ ተረቱን ስልክ ወስዶታል። አንዲት አስተማሪ ደግሞ አርባና ሃምሳ እኩያ ልጆችን በአንድ ጠባብ ክፍል ይዛ ትውላለች። አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይናከሳል፣ አንዷ ከገባች ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችም። ይህን የእናትነት ፍቅር ብቻውን አይመልሰውም። እውቀት ይፈልጋል።

ሁለተኛ፦ «ሀ ሁ እና አሊፍ ባ ለማስቆጠር ስንት ዓመት ይማሩለታል?» ይባላል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሥራው ማስቆጠር ብቻ መስሎናል። ፊደል ገበታው ላይ ሀ ሁ ሂ ብሎ እንደ መንዙማ የሚያወርድ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ቤተሰቡ ደስ ብሎት ቪዲዮ ይቀርጸዋል። ከመሀል «ሂ»ን ነጥላችሁ ብታሳዩት ግን ከ«ሀ» ጀምሮ ቆጥሮ ነው የሚደርስበት። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አላወቀም። የጥንት የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ተንኮል ስለሚያውቁ ነው የፊደሉን ተራ የሚያዛባ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት። በቁርአን ቤትም ብልህ ኡስታዝ ሉሁን ከመሀል እየጠቆመ ይጠይቃል። ልጅ ፊደልን ከድምፅ ጋር እንዴት እንደሚያገናኝ፣ መቼ እንደገባው፣ መቼ እንደሸመደደ መለየት የሰለጠነ ዓይን ይፈልጋል።

ሌላም አለ። የሦስት ዓመት ልጅ የጣቶቹ ጡንቻ እርሳስ ጨብጦ በመስመር ላይ ለመጻፍ ገና አልጠነከረም። እሱ በሸክላ ጭቃ መጫወት፣ ዶቃ መሰካት፣ ወረቀት መቅደድ ነው ያለበት። ያልተማረች አስተማሪ ግን ወላጅ እንዲደሰት ደብተር ሙሉ «ኤ» ታስጽፈዋለች። ያልቻለውን እጁን ትመታዋለች። ልጁ በሦስት ዓመቱ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ትምህርት ማለት ሕመም መሆኑን።

«ደደብ ነው» ተብሎ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ ጆሮው በደንብ የማይሰማ፣ ወይም ዓይኑ ሰሌዳውን የማያይ ሊሆን ይችላል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ «ባለጌ» ተብሎ ሊገረፍ ይችላል። የሕፃናት ትምህርት በዲግሪ የሚያጠና ተማሪ ይህን ነው የሚማረው፦ የልጅ አእምሮና አካል እንዴት እንደሚያድግ፣ ቋንቋ እንዴት እንደሚይዝ፣ በጨዋታ እንዴት እንደሚማር፣ የምግብና የጤና ጉድለት በምን እንደሚታወቅ፣ ልዩ ድጋፍ የሚፈልግን ልጅ በጊዜ እንዴት እንደሚለዩ፣ ከወላጅ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ። ይህ ሁሉ «ልጅ መያዝ» ከሆነ፣ ቀዶ ሕክምናም «ሥጋ መቁረጥ» ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ «ኡስታዞቻችንና መሻኢኾቻችን ያለ ዲግሪ አስተምረውናል» ይባላል።

ወንድሜ፣ ይህ ክርክር በራስህ ላይ ነው የሚመሰክረው። መሻኢኾቻችን መቼ ነው ያለ ፈቃድ ያስተማሩት? ደረሳ ከሀገሩ ተነስቶ ወደ ዳና፣ ወደ ጌታ፣ ወደ ጃማ ንጉስ የተጓዘው ለምንድን ነው? ነሕው የሚቀራው ነሕው ከተካነው ሸይኽ ዘንድ ነው፤ ፊቅህ ለመቅራት ሌላ ተራራ ያቋርጣል። ዓመታት ይቀመጣል፤ ሸይኹ «አሁን በቅተሃል፣ አስተምር» ብሎ ኢጃዛ እስኪሰጠው ይጠብቃል። ኢጃዛ ምንድን ነው? «ይህን ዕውቀት ከሚያውቅ ሰው ተምሬያለሁ፤ እንዳስተምርም ተመስክሮልኛል» ማለት ነው። ይህ ኡማ ዲግሪ የሚባለው ነገር ወደ ሀገራችን ከመምጣቱ በፊት ልዩ ሙያንና የምስክር ወረቀትን የሚያውቅ ኡማ ነው። ታዲያ ፊቅህ ለሚያስተምረው ኢጃዛ እየጠየቅን፣ ገና አእምሮው እንደ እርጥብ ጭቃ የሆነውን ልጅ ለምትቀርጸው ምንም አለመጠየቃችን ከየት የመጣ ሱና ነው?

«ዲግሪ ኖሯቸው ማስተማር የማይችሉም አሉ» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ክፍል ውስጥ ሳይለማመዱ በወረቀት ብቻ የተመረቁ አሉ። ይህ ግን ሥልጠናው ይስተካከል የሚያሰኝ እንጂ ሥልጠና አያስፈልግም የሚያሰኝ አይደለም። መጥፎ ሐኪም ስላለ ወደ ጠንቋይ አንሄድም።

አራተኛ፦ «የሴት ሥራ ነው» ይባላል።

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ሱጁድ ላይ እያሉ የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ሲወጣ፣ ልጁ ጨዋታውን እስኪጨርስ ሱጁዳቸውን ማርዘማቸው ተዘግቧል። ከኋላ የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ ለእናቱ አዝነው ሰላታቸውን ያሳጥሩ ነበር። አቡ ዑመይር የተባለውን ትንሽ ልጅ ወፉ ሞታበት አዝኖ ሲያዩት፣ በስሙ ጠርተው ስለ ወፉ እየጠየቁ አጫውተውታል። የበድር ምርኮኞች ውስጥ መጻፍ የሚችሉት፣ ቤዛ የሚከፍሉት ካጡ፣ የመዲናን ልጆች መጻፍ አስተምረው እንዲለቀቁ መደረጉ በሲራ ተጽፏል። ከጦርነት በወጣች፣ ገንዘብ በሚያስፈልጋት ከተማ የልጆች ፊደል ከገንዘብ ጋር ተመዘነ። ከዚህ በኋላ «ከሕፃን ጋር መዋል ለወንድ ያሳፍራል» የሚል ሰው ወንድነትን ከየት እንደቀዳው ራሱን ይጠይቅ። በየከተማችን አባቱን በሞት ወይም በስደት ያጣ ስንት ልጅ አለ! ለእሱ ቁምጥ ብሎ ዓይኑን እያየ የሚያናግረው ጨዋ ወንድ አስተማሪ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

አምስተኛ፦ «ደመወዙ አያበላም» ይባላል።

ይህኛው እውነት ነው፤ አልሸፍነውም። ኬጂ የምታስተምር እህት ከምትከፍለው የቤት ኪራይ በታች የምታገኝበት ቦታ አለ። ግን ጠያቂው ማን፣ ከፋዩስ ማን ነው? እኛው ነን። በየሰፈሩ መድረሳና ኬጂ ከፍተናል፤ አልሐምዱሊላህ። ለሚናራው መዋጮ ሲጠየቅ እጃችን ይፈታል፤ ለምንጣፉ፣ ለእምነ በረዱ፣ ለድምፅ ማጉያው ይሰበሰባል። እዚያው ግቢ ውስጥ ሃምሳ ልጅ ይዛ ለምትውለው እህት ደመወዝ ይጨመር ሲባል ግን «ሊላህ ብለሽ ነው» እንላታለን። ኒያዋ ለአላህ መሆኑ ኪራይዋን አይከፍልላትም። ለአላህ ብላ መሥራቷ የእሷ ጉዳይ ነው፤ የሠራተኛን ሐቅ መክፈል ደግሞ የእኛ። የመስጂድ ኮሚቴዎች ይህን ሳያስተካክሉ «ብቁ አስተማሪ አጣን» ሊሉ አይገባም።

ደግሞ አንድ የሚያንገበግብ ነገር አለ። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ ስንት እህቶቻችን ናቸው ወደ ዐረብ ሀገር የሄዱት? እዚያ የሚሠሩት ምንድን ነው? ብዙዎቹ የሰው ልጅ ያሳድጋሉ። ያበላሉ፣ ያጥባሉ፣ ያስተኛሉ። ሪያድና ቤይሩት ልጅ መያዝ የማያሳፍር ከሆነ፣ ደሴ ላይ ዲግሪ ይዞ ልጅ ማስተማር የሚያሳፍረው በምን ሒሳብ ነው? የሰው ልጅ አሳድጋ የላከችው ገንዘብ ቤት ሠራ፤ የራሷ ልጅ ግን ምንም ሥልጠና ባልወሰደች ረዳት እጅ ወደቀ። ይህ ነው የሚያሳፍረው።

አሁን ወደ ውጤቱ እንምጣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፤ በ2016 5.4 በመቶ። ሁላችንም ደነገጥን። ፈተናውን ወቀስን፣ ኩረጃውን ወቀስን፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን ወቀስን። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንድ ብቻ አይደለም። ግን የዓለም ባንክ እንደሚለው በሀገራችን ከ10 ሕፃናት 9ኙ በ10 ዓመታቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። በ10 ዓመቱ ማንበብ ያቃተው ልጅ በ18 ዓመቱ ፊዚክስ እንዴት ይመልስ? ግድግዳው የተሰነጠቀው አሁን ነው፤ መሠረቱ ግን የተበላሸው ያኔ ነው።

መሠረቱን ማስተካከል ምን እንደሚያመጣ የታየበት ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በአሜሪካ ሚሺገን ግዛት፣ ይፕሲላንቲ በምትባል ከተማ ከድሃ ቤተሰብ የመጡ 123 ጥቁር ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 58ቱ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪና የማስተማር ፈቃድ ባላቸው መምህራን፣ በትናንሽ ቡድን ተማሩ፤ መምህራኑ በየሳምንቱ ቤታቸው ድረስ ይሄዱ ነበር። 65ቱ ይህን አላገኙም። ልጆቹ 40 ዓመት እስኪሞላቸው ክትትል ተደረገ። የተማሩት ሁለተኛ ደረጃን በብዛት ጨረሱ፣ የተሻለ ገቢ አገኙ፣ በፖሊስ የመያዝ ዕድላቸው ቀነሰ። በ2000 የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማት ያገኘው ጄምስ ሄክማን ከባልደረቦቹ ጋር ሒሳቡን ሠርቶ፣ ለእነዚያ ልጆች የወጣው ገንዘብ በዓመት ከ7 እስከ 10 በመቶ ትርፍ እንደመለሰ አሳይቷል። ፊንላንድ ውስጥም የመዋለ ሕፃናት መምህር ለመሆን የመጀመሪያ ዲግሪ ግዴታ ነው። እነሱ ትልቁን የተማረ ሰው ለትንሹ ልጅ ሲያስጠጉ፣ እኛ ትንሹን ልጅ ምንም ላልተማረ እንሰጣለን።

በሀገራችንም በሩ እየተከፈተ ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት አስቀምጧል። ይህ ማለት በየቀበሌው ትምህርት ቤት መምህር ይፈለጋል ማለት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ ያስተምራሉ። በየሰፈሩ ስንት ወጣት በማይፈልገው ዘርፍ ተመርቆ ሲቪ ይዞ ሲዞር እያየን፣ ሥራ የሚጠብቀውን ይህን ዘርፍ የምንስቅበት ምን አግኝተን ነው?

እህቴ፣ ወንድሜ፦ ሌላ ቦታ ያጣ የሚወድቅበት ነው ብለህ ሳይሆን ፈልገህ ግባበት። ወላጅ ሆይ፣ ልጅህን ስታስመዘግብ ስለ ዩኒፎርሙና ስለ እንግሊዝኛው ብቻ አትጠይቅ፤ «የምታስተምረው ማን ናት? ምን ተማረች? ስንት ልጅ ትይዛለች? ስንትስ ትከፍሏታላችሁ?» ብለህ ጠይቅ። ኮሚቴ ሆይ፣ በቀጣዩ መዋጮ ከእምነ በረዱ ቀንሰህ አሁን የምታስተምረውን አንዲት እህት በክረምትና በማታ ፕሮግራም አስተምራት። ኸይር ሥራው እሷ ጋር አይቆምም፤ በየዓመቱ በእጇ በሚያልፍ ልጅ ሁሉ ይቀጥላል። ሰደቃ ጃሪያ ስንል ጉድጓድ ውሃ ብቻ አይደለም።

ከዚህ በኋላም መሳቅ ለሚፈልግ መብቱ ነው። ልጁ ግን ነገ ጠዋት በዚያች ክፍል በር መግባቱን፣ ከሷም እጅ ወደሱ መመለሱን አይርሳ።

አላህ ለልጆቻችን የሚያውቅና የሚያዝን አስተማሪ ይስጣቸው። ወሏሁ አዕለም።