የሚቀነስ እንጂ የማይቋረጥ መድኃኒት

በዛሬው ዓምዳችን ታሪኳን የምናቀርብላችሁ እህታችን የ38 ዓመት ሴት፣ የሦስት ልጆች እናት ናት። ሕመሟ የጀመራት ከበርጩማ ላይ ለመነሣት ግድግዳ በመያዝ ነበር። ቀጥሎም አክንባሎ ማንሣት፣ ጠጉሯን ለመጎንጎን እጇን ወደ ላይ ማድረግ ተሳናት። ቁርጥማት እንዳይባል ብዙም አያማትም፤ ጉልበት ማጣት ብቻ ነው። የባሏ እናት ነገሩን ከስንፍና ቆጠሩት። ጎረቤት በበኩሉ መጋኛ ነው አለ። ወራት ካለፉ በኋላ በተደረገላት የደም ምርመራ ግን ሲኬ የተባለው የጡንቻ ኤንዛይም እጅግ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ምርመራው ቀጥሎ፣ በሽታው የጡንቻ ብግነት፣ በሕክምና አጠራሩ ማዮሳይቲስ መሆኑ ታወቀ።

ይህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ኃይል በገዛ ጡንቻው ላይ ሲነሣ የሚመጣ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አስቀድሞ የሚያጠቃው የዳሌን፣ የጭንንና የትከሻን ጡንቻ ሲሆን፣ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። በአንዳንዶቹም የዓይን ቆብ ወይን ጠጅ መልክ ይይዛል፤ የጣት አንጓዎችም ሽፍታ ያወጣሉ።

የታዘዘላት መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን ነው። 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ሕክምናው በቀን እስከ 60 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 5 ሚሊ ግራሙን 12 ኪኒን ድረስ ሊጀመር ይችላል። ጡንቻዋ እየበረታ ሲሄድ ፊቷ ክብ ሆነ፣ ረኀቡ በዛባት፣ እንቅልፍ ራቃት። ቡና የሚጠጡት ጎረቤቶቿ ግን «ተመችቶሻል» እያሉ ያመሰግኗት ጀመር። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ስታነጋግራት ከሁሉ ያስለቀሳት ይህ ምስጋና እንደነበር ነግራናለች።

በሦስተኛው ወር ደረጃ መውጣት ቻለች። ወዲያውም ሁዳዴ ገባ። ኪኒኑ በጠዋት ከምግብ ጋር የሚወሰድ በመሆኑና «ድኛለሁ» ብላ በማሰቧ ለማንም ሳትነግር በአንድ ቀን አቋረጠችው። በአምስተኛው ቀን እያስመለሳት ማድቤት ውስጥ ወደቀች። ቤተሰቡ ጾሙ ነው ያደከማት ብሎ አንድ ቀን ሙሉ ጠበቀ።

ምክንያቱ ሌላ ነበር። ከኩላሊት በላይ ያሉት ሁለት ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን በየዕለቱ ያመርታሉ። ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት ሲወሰድ ግን ዕጢዎቹ ሥራቸውን ለኪኒኑ ትተው ያንቀላፋሉ። ኪኒኑ በድንገት ሲቀር የሚተካው የለም። የደም ግፊት ይወርዳል፣ ትውከትና ራስን መሳት ይከተላል፣ ለሞትም ያደርሳል። ስለ ጾሙ የንስሐ አባቷን ብትጠይቅ ኖሮ ለበሽተኛ እንደሚፈቅዱ ይነግሯት ነበር፤ በኋላም የነገሯት ይህንኑ ነው።

አሁን ሐኪሙ መጠኑን እንደ ደረጃ ያወርድላታል። ብዙ ስትወስድ ሳለች በየሁለት ሳምንቱ አንድ ኪኒን፣ ከሁለት ኪኒን በታች ስትደርስ ደግሞ በየወሩ ግማሽ ብቻ። አንዳንዱ ደረጃ ገላዋን ያሳምማታል፤ ቀናት ቆይቶ ይለቃታል። ድካሙ ከተመለሰ ግን በግምት መጨመርም መቀነስም አያሻም። ምክንያቱም በሽታው አገርሽቶ፣ ወይም ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ በብዛት ተወስዶ ጡንቻን አሳስቶ ሊሆን ይችላል። በሽታው ሲያገረሽ አብዛኛውን ጊዜ ሲኬ ከፍ ይላል፤ የመድኃኒቱ ጉዳት ሲሆን ግን በአብዛኛው አይጨምርም። ይህን መለየት የሐኪም ሥራ ነው።

የፕሬድኒሶሎኑን መጠን ለመቀነስ እንዲረዳ ሜቶትሬክሴት የሚታዘዝላቸው እህቶች ጽንስ ስለሚጎዳ ስለ እርግዝና አስቀድመው መናገር አለባቸው። ጽኑ ትኩሳት ወይም ትውከት ሲመጣ፣ ቀዶ ሕክምናም ሲታሰብ፣ ኪኒኑን እንደምትወስድ ለሚያክማት ሁሉ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ እህታችን ይህንን በወረቀት ጽፋ በቦርሳዋ ይዛለች። ባሏም የመድኃኒቱን ስም ማወቁ፣ ሳያልቅም መግዛቱ የእርሱ ድርሻ ነው። ቀድሞ ዕረፍት ብቻ ይታዘዝ የነበረው ቀርቶ ዛሬ በልክ የሆነ እንቅስቃሴ እንደሚጠቅም ታውቋል። እርሷም ጠዋት ጠዋት ከወንበር አሥር ጊዜ እየተነሣች ትቀመጣለች።

ዛሬ በቀን አንድ ኪኒን ተኩል ላይ ደርሳለች። እንጀራውን ራሷ ትጋግራለች፤ ጠጉሯን ግን ገና ትልቋ ልጅዋ ነች የምትጎነጉንላት።