የስብሰባ ዝምታና የአለቃ ኀላፊነት

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለውን ተረት ከመካከላችን የማያውቅ የለም። ወጣቱ ሹም ወደ ስብሰባ ሲገባ ይህንኑ ተረት እንደ ጋሻ ይዞ ይገባል፤ አለቃው የተናገሩትንም ራሱን በመነቅነቅ አጽድቆ ይወጣል። ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ግን «እኔስ አስቀድሞም ታይቶኝ ነበር» ማለቱ አይቀርም። ይህ ዝምታ ጨዋነት ቢመስልም ዋጋው ከባድ መሆኑን የአንድ ታላቅ መንግሥት ታሪክ ያስረዳናል።

ሚያዝያ 9 ቀን 1953 ዓ.ም. የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ያሠለጠናቸው 1,400 ያህል የኩባ ስደተኞች መንግሥት ለመገልበጥ በአገራቸው ጠረፍ ወረዱ። በሦስት ቀን ውስጥ ድል ሆኑ፤ ከሺህ የሚበልጡትም ተማረኩ። ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ዕቅዱን ሲያጸድቁ በዙሪያቸው ዐዋቂ አልጠፋም ነበር። ከአማካሪዎቻቸው አንዱ አርተር ሽሌሲንገር ዕቅዱን በጽሑፍ ቢቃወሙም፥ በስብሰባው ላይ ግን ዝም በማለታቸው ኋላ እንደ ተጸጸቱ ራሳቸው ጽፈዋል።

ጥቅምት 6 ቀን 1955 ዓ.ም. ደግሞ ሶቪዬት ኅብረት በኩባ የኑክሌር ሚሳይል መትከሏ ለፕሬዚዳንቱ ተነገራቸው። ከዋነኞቹ መካሪዎች ብዙዎቹ የቀድሞዎቹ ነበሩ፤ የተለወጠው የምክሩ ሥርዓት ነው። ኬኔዲ ከአንዳንዱ ስብሰባ ሆን ብለው ቀሩ፤ አለቃ ባለበት የበታቹ ምላስ እንደሚታሰር ተረድተዋልና። አማካሪዎቹ በቡድን ተከፍለው ሐሳባቸውን ጻፉ፤ አንዱም ቡድን የሌላውን ጽሑፍ መርምሮ ነቀፈ። በመጀመሪያው ቀን ብዙዎቹ ያዘነበሉት ወደ አየር ድብደባ ነበር፤ ከክርክሩ በኋላ ግን ፕሬዚዳንቱ ኩባን በባሕር መክበብን መረጡ። ጥቅምት 18 ቀን ክሩስቾቭ ሚሳይሎቹን ለማንሣት መስማማታቸውን አስታወቁ። በኩባ የአጭር ርቀት የኑክሌር መሣሪያም እንደ ነበረ በ1984 ዓ.ም. በሐቫና በተደረገ ጉባኤ ሲገለጽ፥ የመጀመሪያው ሐሳብ ሳይመረመር ቢጸድቅ ኖሮ ምን ይደርስ እንደ ነበር ለመገመት አያዳግትም።

እኛ ይህን ስንል ክርክር ሁሉ ይጠቅማል ማለታችን አይደለም። በሐሳብ መለያየት አንድ ነገር ነው፤ በቂም መለያየት ሌላ ነው። ሥራውን ትቶ የባልደረባውን ስም የሚያነሣውን ተናጋሪ ወደ ጉዳዩ መመለስ፥ ለክርክሩም ጊዜ ወስኖ መቋጨት የአለቃው ተግባር ነው። ከውሳኔ በኋላ የተሸነፈው ወገን ሥራውን በቅንነት እንዲፈጽም፥ ሐሳቡ አስቀድሞ በሙሉ ተሰምቶለት መሆን አለበት። ያልተሰማ ሰው በአዳራሽ ዝም ቢል በኮሪደር ማጉረምረሙ አይቀርምና።

ስለዚህ አለቃ የሆነ ሰው በስብሰባ የመጨረሻው ተናጋሪ ይሁን፤ የተቃወመውንም ሰው በዕድገትና በዝውውር አይበቀለው። ወጣቱ ሹምም የታየውን እንከን ከውሳኔ በፊት በአክብሮትና በማስረጃ ይናገር። ከጥፋት በኋላ የሚነገር ዕውቀት ለተናጋሪው መጽናኛ ቢሆን እንጂ ለአገር የሚፈይደው ነገር የለም።