የቅዳሜው ሽቅድድም ጉልበታችንን እየበላው ነው

እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። እኔ ብስክሌት ላይ ወጥቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳላቋርጥ ማውጣት የምችለው 200 ዋት ገደማ ነው። የቤታችንን ምጣድ ለማጋል እኔን የመሰሉ አሥራ ሰባት አሥራ ስምንት ጎልማሶች ጎን ለጎን ተደርድረው ፔዳል ሊረግጡ ነው ማለት ነው። የምተዳደረው በኤሌክትሪክ ጥገና ስለሆነ እንዲህ ያለ ስሌት ይቀናኛል፤ አብረውኝ ለሚነዱት ስነግራቸው ሁሉም ይስቃሉ። የማይስቁት ሻምበል ብቻ ናቸው። ሻምበል በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት ክለብ አምስትና አሥር ሺህ ሜትር ይሮጡ ነበር፤ ወገባቸው ሩጫውን እምቢ ሲላቸው ወደ ብስክሌት ዞሩ። «እሱን ተወውና፣ ዛሬ ምን ቀን ነው? ከባድ ነው ቀላል?» ይሉኛል። ከመካከላችን ይህን የሚጠይቅ ሌላ ሰው የለም።

በአዲስ አበባ ቅዳሜና እሑድ ማለዳ በቡድን የምንወጣ አማተር ብስክሌተኞች ዓመት መጥቶ ዓመት ሲሄድ ያው ነን። ያው ዳገት ላይ እንቀራለን፣ ያው ሰው ጥሎን ይሄዳል። ሰበብ መቼም አናጣም፤ ሥራ፣ ዕድሜ፣ ጾም፣ የብስክሌቱ ክብደት። እኔ የምለው ግን የማንሻሻለው ስለማንደክም ሳይሆን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ድካም ስለምንደክም ነው።

ከሲኤምሲ ተነስተን ወደ ሰንዳፋ ስናቀና እስከ ለገጣፎ ድረስ ጨዋታ አለ፤ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ። ለገጣፎን እንዳለፍን አንዱ ድምፁን አጥፍቶ ማርሽ ይጨምራል። ሌላው ምንም እንዳልመሰለው ሆኖ ይከተላል። ከዚያ ወዲያ የሚያወራ የለም። ፊት ያለው ነፋሱን እየገመሰ 280 ዋት ሲያፈስ፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈው በ200 ገደማ ይሄዳል፤ ሰው ጀርባ መጠለል ከሚያስፈልገው ጉልበት ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ይቆጥባልና። ዳገቱ ሲመጣ ሁሉም ይፈነዳል፤ ቁልቁለቱ ላይ ሁሉም ያርፋል። ቤት ገብቼ የመለኪያውን መዝገብ ስከፍተው መልክ የሌለው ነገር ነው የማየው። ልብንና ሳንባን ለመፈተን የሚበቃ ረዘም ያለ ከባድ ጊዜ የለበትም፤ ሰውነት የሚያገግምበት ቀላል ጊዜም የለበትም። እግር ግን እስከ ማክሰኞ ይዝላል፤ ማክሰኞ ሊሠራ የሚገባው ከባድ ልምምድም በዚሁ ይበላል።

መለኪያው ፓወር ሜትር ይባላል። የባለቤቴ ወንድም ከአሜሪካ ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ የመጣ ነው፤ ዋጋው በመቶዎች ዶላር ይቆጠራል። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ውስጡ እንግዳ አይደለም። ፔዳሉን በረገጥን ቁጥር ብረቱ ዓይን በማያየው መጠን ይታጠፋል፤ ላዩ ላይ የተለጠፈው ስስ ክር አብሮ ይለጠጥና ረዚስታንሱ ይለወጣል። መሣሪያው ያንን ወደ ግፊት መጠን ቀይሮ፣ ፔዳሉ ከሚዞርበት ፍጥነት ጋር አባዝቶ ዋቱን ያወጣል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ኡሊ ሾበረር እ.ኤ.አ. በ1986 ኤስአርኤም የተባለውን ሠርቶ ልኬቱን ከቤተ ሙከራ ወደ መንገድ አወጣው፤ ቱር ደ ፍራንስን ሦስት ጊዜ ያሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ቀድመው ከተጠቀሙበት አንዱ ነው። የኛው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በዚያው ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ያለ ዋት የሚለማመድ የፕሮፌሽናል ቡድን ማግኘት ድሮ ቀርቶ ነበር።

የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት አይበቃም ወይ የሚሉ አሉ። ለረጅም ቀላል መንገድ ይበቃል። ለአጭርና ለጠንካራ ልምምድ ግን ልብ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ እግር ሥራውን ጨርሶ ሲያርፍ የልብ ምት ገና እየወጣ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ቡና ጠጥተህ፣ እንቅልፍ አጥተህ፣ ፀሐይ መትቶህ ቁጥሩ ይለዋወጣል። ፍጥነትማ ጨርሶ አይታመንም። ወደ ደብረ ዘይት ሲነዱ ነፋስ ከኋላ ከመጣ ማንም ሰው ሻምፒዮን ነው።

እኛ የምንኖርበት ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ያንሳል። አየሩ ስለሳሳ ብስክሌቱ ይፈጥናል፣ ሰውየው ግን ኦክስጅን ስለሚያንሰው የሚያወጣው ዋት ይቀንሳል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው የሚፎክርበትን ዋት አይቶ መናደድ ከንቱ ነው። በምትለማመድበት ከፍታ መለካት ነው ያለብህ። ሐዋሳ ስትወርድ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ እንጦጦ አናት ላይ ይወርዳል፤ ሁለቱም ያንተ ናቸው።

የተለመደው ፈተና 20 ደቂቃ ነው። ሳትቃጠል ግን ምንም ሳታስቀር ትነዳና ከአማካዩ ዋት 5 በመቶ ትቀንሳለህ፤ አንድ ሰዓት ልትዘልቅበት የምትችለውን ጉልበት ይገምትልሃል። አዲስ አበባ ውስጥ የትራፊክ መብራት፣ ሚኒባስና አህያ ሳያስቆሙህ 20 ደቂቃ የምትነዳበት ቦታ ከዳገት በቀር አላውቅም። እኔ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚያወጣውን የጎጃም መንገድ እመርጣለሁ፤ የከባድ መኪናው ጭስ እንዳያንቅ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መድረስ ግድ ይላል።

ዳገት ካለ ደግሞ የመለኪያው ዋጋ ማንንም ወደኋላ ሊያስቀረው አይገባም። ነጂውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 85 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል፤ 300 ሜትር ከፍታ በ20 ደቂቃ ወጡ። 85ን በ9.8 አባዛ፣ የመጣውን በ300 አባዛ፣ ከዚያ ለ1,200 ሴኮንድ አካፍል። 208 ዋት ነው። ለነፋስና ለጎማ ሰበቃ አሥር በመቶ ገደማ ጨምርበት። ከፍታውን ስልክ ይነግርሃል፤ ኪሎህን ደግሞ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች። ከመለኪያው ጋር አስተያይቼዋለሁ፤ ለኛ ሥራ ይበቃል።

ከባዱ ቀን ምን ይመስላል? ኖርዌይ ውስጥ የሚሠራው አሜሪካዊ ተመራማሪ ስቲቨን ሳይለር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተመው ጥናት ልክ እንደኛ ያሉ ለፍላጎታቸው የሚነዱ ሰዎችን የሚመለከት ነው። አንዱ ቡድን አራት ጊዜ 4 ደቂቃ፣ ሌላው አራት ጊዜ 8 ደቂቃ፣ ሌላው አራት ጊዜ 16 ደቂቃ እየሠራ ሰባት ሳምንት ቆየ። ከሁሉ ይበልጥ የተሻሻለው የ8 ደቂቃው ነበር። ከ4 ደቂቃዎቹ ትንሽ ዝቅ ባለ ጉልበት፣ ግን በእጥፍ ጊዜ ነው የሠራው። የኢንተርቫል ጥበቡ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፦ በአንድ ትንፋሽ ልትዘልቀው የማትችለውን ከባድ ጊዜ በእረፍት ከፋፍለህ ታጠራቅመዋለህ።

እኔ ስምንቷን ደቂቃ ሽቅብ በ210 ዋት አካባቢ እሠራታለሁ፤ በመሃል ቁልቁል እየተንከባለልኩ አርፋለሁ። የመጀመሪያዋ ሁልጊዜ ቀላል ናት፤ 260 መርገጥ ያምራል። ቁጥሩ የሚጠቅመው ያኔ ነው። «ተው» ይላል። አራተኛዋ ላይ 210ን ለማቆየት ጥርስ ሲነከስ የመጀመሪያዋ ለምን ቀላል እንደነበረች ይገባል።

ቀላሉ ቀን ግን ከዚህ ይከብዳል። ከ200 ውስጥ 120፣ ቢበዛ 130። በዚህ ጉልበት ስትነዳ ቆርቆሮ የጫነ ጋሪ ይቀድምሃል፤ ልጆች «አይዞህ!» ይሉሃል። ወንድነት የሚፈተነው እዚህ ይመስለኛል፤ እንደኔ ላለው ጎልማሳ ፍሬን መያዝ ፔዳል ከመርገጥ ይብሳል። ሯጮቻችን ግን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ጠዋት ጠዋት እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ጫካ ሄዶ ያየ ሰው፣ የዓለም ደረጃ ያላቸው ልጆች ከዛፍ ዛፍ እየተጠማዘዙ፣ ተከታትለው፣ እያወሩ ሲያዘግሙ ያገኛቸዋል። በማግስቱ እነዚያው ልጆች አስፋልት ወይም ትራክ ላይ ሲሠሩ ግን አጠገባቸው መድረስ አይቻልም። ሻምበል እንደሚሉት በእሳቸው ጊዜ በቀላል ቀን መሪውን የሚቀድም ሯጭ ከአሠልጣኙ ተግሣጽ ነበረበት። «ኮንዲሽን የሚገባው ስታርፍ ነው፤ አንተ ግን አታስገባውም» ብለውኛል።

ደስታው ይጠፋል የሚለው ተቃውሞ ይገባኛል። ሳምንቱን ሙሉ ከአለቃና ከደንበኛ ጋር የተፋጠጠ ሰው ቅዳሜ ጓደኛውን ጥሎ መሄድ ቢያምረው አልፈርድበትም። ከዚህ የሚከብደው ሌላኛው ተቃውሞ ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ መንዳት በሳምንት ሃያ ሰዓት ለሚለማመዱት የተበጀ ነው፤ አምስት ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ምን ያርፋል? እውነት አለው። ጊዜ ያነሰው ሰው የከባዱን ድርሻ ከፍ ቢያደርግ ያዋጣዋል። ሆኖም ከፍ ማድረግ ማለት ሁለት የታሰቡ ከባድ ቀናት ናቸው። ለገጣፎ ላይ በእልህ የተጀመረ፣ የነፋሱና የሰው ጀርባ የወሰነው ትርምስ በዚያ አይቆጠርም።

ስለዚህ ለቡድናችን አንድ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ ሌሎች ቡድኖችም ቢሞክሩት ደስ ይለኛል። ማክሰኞ ዳገት ነው፤ እያንዳንዱ በራሱ ቁጥር፣ ማንም ማንንም ሳይጠብቅ። ከወሩ ቅዳሜዎች አንዱ እስከ ሰንዳፋ ግልጽ ሽቅድድም ይሁን፤ ያ ቀን ለደስታችን ነው። የቀሩት ቅዳሜዎች ቀላል ናቸው፤ ፍጥነቱን የሚወስኑት ሻምበል ይሆናሉ፣ እሳቸውን የቀደመ ሰው ለገጣፎ ላይ የሁላችንንም ቡናና ፍርፍር ይከፍላል። ሻምበል ተስማምተዋል። ወጣቶቹ ገና እየተከራከሩ ነው፤ አንደኛው ቡናውን ብቻ ከሆነ እከፍላለሁ፣ ፍርፍሩ ግን ይቅርብኝ ብሏል።