ዝም ላለ ማርክ የለም



ከመሐል ሜዳና ከአካባቢዋ ወደ ውጭ አገር ለትምህርት የሚያመለክቱ ልጆቻችን አይልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛ ፈተና ይጠየቃሉ። ፈተናውን ብሪቲሽ ካውንስል በአዲስ አበባ ይሰጣል። ለመመዝገቢያው፣ ለመሳፈሪያውና ለማደሪያው ስንት በግ እንደሚሸጥ የሸጠ ያውቀዋል። ሳይዘጋጁ ሄዶ መቀመጥ በቤተሰብ ጥሪት መጫወት ነው እንላለን።

ፈተናው ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር የሚባሉ አራት ክፍሎች አሉት። ከፍተኛው ውጤት 9 ነው። አለፈ፣ ወደቀ የሚባል ነገር የለም፤ ስንት እንደሚበቃ የሚወስነው ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ነው። ውጤቱም በአብዛኛው ከ2 ዓመት በላይ አያገለግልም። ስለዚህ አስቀድሞ የሚፈለገውን ውጤት መጠየቅ፣ ቀጥሎ መለማመድ፣ ከዚያ መመዝገብ ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና መልስ መምረጥ ነው። ልጆቻችን ሰዋስዉን ያጠኑታል፤ ጆሯቸውንና አፋቸውን ግን አላሠሩትም። በአይልትስ የሚደመጠው አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማል፤ አይደገምም። በንግግሩ ደግሞ ከፈታኝ ጋር ከ11 እስከ 14 ደቂቃ መነጋገር፣ በመካከሉም በተሰጠ ርእስ ለብቻ እስከ 2 ደቂቃ ማውራት ግድ ነው።

እኛ መንዞች ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ ዝም ሲል ጨዋ ነው እንላለን። ጨዋነቱ ይቆይልን፤ ፈታኙ ፊት ግን ዝም ላለ ማርክ የለም። አፍ የሚፈታው ደግሞ በመናገር እንጂ በመሸምደድ አይደለም።

በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስንቱ ትልቅ ሰው በኩራዝ ብርሃን ፊደል ቆጥሯል! ያኔ ካስተማሩት መካከል ተማሪዎች ነበሩበት። ዛሬ ተራው የትልልቆቹ ነው። ስለዚህ፦

1. የማኅበሩ አዳራሽ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ለልምምድ ክፍት ይሆናል።
2. እንግሊዝኛ የምትችሉ መምህራንና ጡረተኞች መጥታችሁ አነጋግሯቸው።
3. ወላጆች በእነዚህ ሁለት ማታዎች ልጆቹን ከሥራ ልቀቁልን።
4. በተሳሳተ ሰው መሳቅ ክልክል ነው።

«ፈተናውን አስቀድመን እናወጣላችኋለን፣ ወረቀቱን እናሠራላችኋለን» ለሚሉም ገንዘብ እንዳትሰጡ። ተቀባዩ ትምህርት ቤት ውጤቱን ራሱ ያጣራል፤ ልጁም በሐሰተኛ ወረቀት የዕድሜ ልክ ዕድሉን ያበላሻል።

መመዝገቢያው ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል። ኑ፣ እንመዝገብ!