ስለ ምድጃ መሣሪያ አመራረጥና አገዛዝ

የቤት ክብር በምንጣፉ ውበትና በወንበሩ ብዛት ብቻ የሚታይ አይደለም፤ እሳቱ እንዴት እንደሚያዝ በማየትም የባለቤቱ ማስተዋል ይታወቃል። ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተሠራች ስለ ሆነች፥ በክረምት ዝናም ጊዜና በኅዳር በታኅሣሥ ሌሊት ብርዷ ይከብዳል። ስለዚህ በእልፍኛቸው ግድግዳ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ያሠሩ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ለምድጃው ድንጋይ ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሰው፥ ለመሣሪያው ሲሆን ምንም ሳይመረምር ፊት ያገኘውን ገዝቶ ይሄዳል።

እኛም በዚህ ነገር ተሳስተናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ ስንገባ የናስ መሣሪያ ሲያብረቀርቅ አይተን፥ ዓይናችን ስለ ማረከን ሳንፈትን ገዛነው። መቆንጠጫው አጭር፥ ጫፉም የማይገጥም ነበረ። አንድ ቀን ማታ ፍሙን ስናነሣ ተንሸራቶ ወደቀና፥ በአጠገቡ ተቀምጦ ፊደል ይቈጥር የነበረውን የልጃችንን የጋቢ ጫፍ አቃጠለው። እናቱ በእጇ ጨብጣ ስላጠፋችው ልጁ ዳነ፤ በእርሷ መዳፍ ላይ ግን ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። ያንን ጠባሳ ባየን ቍጥር ስለ ችኰላችን እናፍራለን።

እንግዲህ ለምድጃ የሚያስፈልጉት ዋናዎቹ አራት ናቸው፤ እነርሱም መቆስቆሻ፥ መቆንጠጫ፥ የአመድ መዛቂያና መጥረጊያ ናቸው። ናስ ከብረት ይልቅ ሙቀትን ፈጥኖ ወደ እጅ ያደርሳል፥ በእሳትም ቶሎ ይለዝባል። ስለዚህ ናሱ ለጌጥ በእጀታው ላይ ቢሆን ደግ ነው፤ እሳት የሚነካው ጫፍ ግን የተቀጠቀጠ ብረት ይሁን። ርዝመቱም እጅ ከነበልባሉ እንዲርቅ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ቢደርስ መልካም ነው። መቆንጠጫውን የሚገዛ ሰው እዚያው በሱቁ ሳለ አንድ ጕማጅ እንጨት አንሥቶ ይሞክር፤ የሚያዳልጥ ከሆነ ዋጋው ቢረክስም አይግዛ።

ከውጭ አገር የመጣ ብቻ መልካም ይመስለናል። ነገር ግን በመርካቶ ምናለሽ ተራ ብረት የሚሠሩት ባለ እጆች፥ ልኩን ቢነግሯቸው ለምድጃው የሚስማማውን ያበጃሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. ያወጁት አዋጅ የሚከበረው፥ የእጃቸውን ሥራ በተገቢው ዋጋ ስንገዛ ነው።

ከእነዚህም ሌላ በምድጃው ፊት የሚቆም የሽቦ መከለያ ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ፥ ይልቁንም እርጥቡ፥ በእሳት ውስጥ እየተንጣጣ ፍንጣሪ ይረጫልና። ደግሞም ክዳን ያለው የብረት ባልዲ ይገዛ። የበረደ የሚመስል አመድ በውስጡ ፍም ደብቆ ከአንድ ቀን በላይ ሊቈይ ስለሚችል፥ በካርቶንና በላስቲክ ዕቃ ከቶ አይጣል፤ ባልዲውም ከቤት ውጭ በድንጋይ ላይ ይቀመጥ።

ጭስ ማውጫ የሌለው ቤት ያለው ሰው ደግሞ የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት አግብቶ ደጁን ዘግቶ አይተኛ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ሽታም መልክም የለውም፤ ሰውየው ሳያውቀው በእንቅልፉ ይገድለዋል። ይህንንም ለቤተ ሰብና ለሠራተኞች ሁሉ መንገር የባለቤቱ ዕዳ ነው፤ ብዙ ጊዜ በብርድ የሚያድረው ዘበኛው ነውና።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። መልካም መቆንጠጫ የሚገዛበት ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የተቃጠለ መዳፍ ግን በገንዘብ አይመለስም።